የጋሽ ኑሬ ቆጣሪ

ሰኞ ሰኞ የስኳር ሕሙማን ቀን ነው። በእኛ ጤና ጣቢያ ያን ቀን ጠዋት ጸጥታ የሚባል ነገር የለም፤ ቁርሱን ያልበላ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ «እኔ ቀድሜ መጥቻለሁ»፣ «የለም፣ እኔ ነኝ» ሲባባል ግቢው ገበያ ይመስላል። ስለዚህ የዚያን ሰኞ ከበሩ ስገባ አግዳሚ ወንበሩ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አንድም ሰው ሳይጨቃጨቅ ሳገኘው ደነገጥሁ። ከፊት የተቀመጡት እትዬ ዘምዘም ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ አልሰማሽም እንዴ?» አሉኝ።

አልሰማሁም ነበር። ጋሽ ኑሬ እሑድ ረፋዱ ላይ አርፎ፣ በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀብሯል። እኔ አዘዞ የዘመድ ሠርግ ላይ ነበርሁ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ሲጮኽ ውሎ በከበሮው ድምፅ አልሰማሁትም። በነሱ ደንብ ሬሳ አያድርም፤ እኔ ስጨፍር እሱ አፈር ለብሷል። ያን ቀን ጠዋት ያን ሁሉ ሰው እንዴት እንደለካሁት አላስታውስም፤ ብቻ ማንም ወረፋ አልነጠቀም።

ጋሽ ኑሬ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። ሙሉ ስሙ ኑርሁሴን ነው፤ በሙሉ ስሙ የሚጠራው ግን የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ ሲነግድ ከኖረ ቤተሰብ ነው የተወለደው። ወንድሞቹ ሁሉ ሱቅ ሲገቡ እሱ ኮሌጅ ገባ። አባቱ «ይህስ ልጅ ከሰረብኝ» ብለው ነበር አሉ። እሱ ግን ሲጠየቅ «ወንድሞቼ በክንድ ይለካሉ፣ እኔ በጠብታ፤ ያው ሁላችንም ለኪዎች ነን» ይላል። ከባለሱቅ ልጅነቱ የቀረለት ነገር ቢኖር ቅርንፉድ ማላመጥና ዕቃ መሰሰት ነው። ጫማው ክረምት ከበጋ የተወለወለ ነው። ወሬም ይወዳል። ይህን ካልተናገርሁ ስለ ሌላ ሰው የማወራ ይመስላል፤ ወሬ በጣም ይወዳል።

እኛ ነርሶቹ ሥራ እንደጀመርን «አንቱ» ብንለው ተቆጣን። «አንቱ ስትሉኝ ጉልበቴን ያመኛል» አለ። ስለዚህ «ጋሽ ኑሬ» እያልን፣ «አንተ» እያልነው ኖርን።

መዳፍ የማትሞላዋን የስኳር መለኪያ «ቆጣሪዋ» ነበር የሚላት። ሰኞ ሰኞ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ስለሷ ሳያስተምር ሥራ አይጀምርም። ደም የሚነካባትን ቀጭን ቁራጭ፣ ስትሪፗን፣ በሁለት ጣቱ ብድግ ያደርጋትና «እዚህች ጫፍ ላይ አንድ በላተኛ ተቀምጧል» ይላል። «ኢንዛይም ይባላል። እናንተ ዓይናችሁ ያየውን ሁሉ ትበላላችሁ፤ እሱ ግን የደማችሁን ስኳር ብቻ ነው የሚበላው። ጨው ብትሰጡት እምቢ ነው፣ ቅቤ ብትሰጡት እምቢ ነው። ስኳሩን ሲበላ ታዲያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይለቃል። ያ ኤሌክትሪክ በዚህች ጥቁር መስመር ሄዶ ቆጣሪዋ ዘንድ ይደርሳል። ስኳር ሲበዛ ኤሌክትሪኩም ይበዛል፣ ሲያንስ ያንሳል። እሷ የምትቆጥረው ደማችሁን አይደለም፤ መብራቱን ነው። ግድግዳችሁ ላይ ያለው ቆጣሪ እንደሚቆጥረው ማለት ነው።»

አንድ ቀን ከጭልጋ የመጡ ሽማግሌ በጥሞና ሲሰሙት ቆዩና «ታዲያ መብራት ሲጠፋስ?» አሉት።

«በእርስዎ ደም ውስጥ ፈረቃ የለም፣ አባቴ» አላቸው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ይህን ማወቃቸው በጣም ደስ ያሰኛቸው ይመስል ነበር።

አስተማሪነቱ ደስ ይላል፣ አብሮ መሥራቱ ግን ያስመርራል። የስትሪፑ ብልቃጥ ለአንድ አፍታ ክፍት ሆኖ ካየ «ክደኚ!» ብሎ ይጮኽብኛል። እርጥበት የነካው በላተኛ ይሰንፋል፤ የሰነፈ በላተኛ ደግሞ ይዋሻል፤ የዋሸውን ቁጥር አምነሽ መድኃኒት ከሰጠሽ ሰው ትገድያለሽ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚለው። እሱ ራሱ ሲከድን ብልቃጡን ወደ ጆሮው ጠጋ አድርጎ «ቀጭ» ማለቱን ይሰማል። ካላለ እንደገና ይከፍትና ይከድናል።

ስስቱንም ልናገር። አንድ ጊዜ ከበላይ መሥሪያ ቤት ለጉብኝት የመጡ ትልቅ ሰው ክፍሉን አይተው ሲጨርሱ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እስቲ እኔንም ለካኝ» አሉት። «ስኳር አለብዎት?» አላቸው። «የለብኝም፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።» «እንግዲያው ጌታዬ፣ ይቺ የሌላ ሰው ናት። እሱ የሚፈልጋት ለማወቅ ያህል አይደለም፤ ለመኖር ነው።» እኔ አፍሬ ካርድ መደርደሪያው ጀርባ ገባሁ። ሰውዬው ግን እጅጌያቸውን መልሰው ቆልፈው፣ እውነት ለመናገር በመልካም ፊት ነው የሄዱት።

ከሁሉ የሚያስመርረኝ «አፉ በሉኝ» የሚለው ነገር ነበር። ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው፤ የሀገራችን እስላሞች ይባባሉበታል። እሱ ግን ጣት ከመውጋቱ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ይለዋል። ሰውዬው «አፉ ብያለሁ» ብሎ ካልመለሰ መርፌዋ አትነካውም። ክርስቲያኑም፣ ደንቆሮውም፣ የሚያለቅስ ሕፃንም ሳይቀር መመለስ አለበት። ወረፋው እስከ በሩ ተሰልፎ እሱ አንዱን ሰው ፊት ለፊት እያየ ቆሞ ሲጠብቅ እኔ እቃጠላለሁ። «ጋሽ ኑሬ፣ ጠብታ ደም እኮ ናት!» ስለው «ጠብታም ብትሆን የሱ ናት» ይለኛል።

አሁን የኮሶዬውን ነገር ልናገር፤ ጋሽ ኑሬን ማን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ስለሆነ።

የሻረግ የምትባል፣ በደባርቅ መንገድ ካለችው ደጋ ከኮሶዬ የምትመጣ ታካሚ ነበረችን። ተማሪ ሳለች ጀምሮ ኢንሱሊን የምትወጋ፣ ሸጋ፣ ትምህርት የሚገባት ልጅ ናት። ዳባት አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። ሐኪሞቹ ቁርጡን ነገሯት፤ ስኳሯ ከፍ ካለ ለልጁ ያሰጋል፣ በጣም ከወረደ ለሷም ለልጁም ያሰጋል፤ ስለዚህ እስክትወልድ ድረስ በየቀኑ ደጋግማ ደሟን ማየት አለባት፣ በዚያ ልክ ኢንሱሊኗን መመጠን አለባት። እንደ ሀገሩ ወግ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት አባት ቤት ነው። ቀኗ ሲቃረብ ኮሶዬ፣ ከወላጆቿ ቤት ገባች።

ያን ሰሞን ስትሪፕ ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ጋሽ ኑሬ፣ ያ ስስታም፣ አንዷን ቆጣሪና ሁለት ሙሉ ብልቃጥ ስትሪፕ ከነመርፌው ሰጣት። ለሰው ወደ ቤት ሲሰጥ አይቼው አላውቅም። ረፋዱን ሙሉ አስቀምጦ አስተማራት፤ እጅሽን ታጠቢ፣ ጣትሽን በጎኑ ውጊ፣ ደሙን አትደፍድፊባት፣ ጫፏን አስነኪና እሷ ራሷ ትስባለች፣ ክዳኑ «ቀጭ» ይበል። እስክትወልድ እንዲያደርሳት በልቡ አስልቶ ነው የሰጣት።

መውለጃዋ ገና ሳይደርስ ስልክ ደወለች። ስትሪፑ አልቋል። ያለ ልክ ኢንሱሊን መውጋት ፈርታለች፣ አለመውጋትም ፈርታለች። የመድኃኒት ቤታችን ኃላፊ «ሸጠውት ነው፤ አሁን እኮ ወርቅ ሆኗል» አለ። ጋሽ ኑሬ ቅርንፉዱን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ጉንጩ እያላመጠ ቆየና «የሻረግ አትሸጥም» አለ። በማግስቱ ጠዋት እኔና እሱ በደባርቅ ሚኒባስ ተሳፈርን። ኪሱ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ነበረው። ከየት እንዳገኘው አልጠየቅሁትም፤ ሌላ አለመኖሩን ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ያቺ ብልቃጥ፣ በቁጠባ ከተያዘች፣ የሻረግን ታደርሳታለች።

ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ገና አልተገለጠም። የሻረግ አባት አያ ታከለ መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ረጅም፣ ነገረ ሥራቸው ሁሉ ረጋ ያለ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ ደረታቸው የሞላ ነበር፤ አሁን ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ቤት ገብተን ገና ሳንቀመጥ አንድ ጣሳ ውኃ ጠጡ፣ ትንሽ ቆይተው ሌላ ደገሙ። አየሁ እንጂ ልብ አላልሁም፤ ሐሳቤ ሁሉ ጋቢ ተከናንባ መደብ ላይ በተቀመጠችው በየሻረግ ሆድ ላይ ነበር።

ጋሽ ኑሬ ቆጣሪዋን ከመደቡ ላይ አንሥቶ ከፈታት። ቁጥር በማሳየት ፈንታ የሙቀት መለኪያ ሥዕል አሳየችው። በርዷታል ማለት ነው፤ በላተኛውም መብላት የሚሆንለት ትንሽ ሲሞቀው ነው። የሻረግ እናት «ምድጃው አጠገብ ላስጠጋት?» ቢሉ «ኧረ ተይ፣ እናቴ፣ ትጠበሳለች!» አለና ኮቱን ከፍቶ ብብቱ ሥር ወሸቃት። እንደዚያ ክንዱን ገጥሞ፣ እንደታመመ ዶሮ፣ ቁጭ አለ። እስክትሞቅ መጠበቅ ነበረብን።

«ምነው ልጄ» አላት በቀስታ፣ «ያን ሁሉ ምን አደረግሽው?»

የሻረግ አቀረቀረች። የመለሱላት አባቷ ናቸው።

«እሷን ተዋት፣ እኔን ጠይቀኝ» አሉ አያ ታከለ። «ያለፈው የሚካኤል ማኅበር ተረኛው እኔ ነበርሁ። ማኅበርተኛው ገባ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። አንዱ ይህችን ዕቃ አየና ምንድን ናት አለኝ። ደም አይታ የሰው ጤና ትናገራለች አልሁት። እንግዲያ እኔንም ትይልኝ አለ። በቤቴ፣ በሚካኤል ቀን፣ እንግዳ አፍ አውጥቶ ጠይቆኝ እምቢ ልበል? አንዱን አሳይቼ ከጎኑ ያለውንስ ብዘለው ምን ይባላል? ከዳር እስከ ዳር ደረሰ።»

ራሴን ያዝሁ። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ይህን በሰማ ብዬ አሰብሁ። ሁለት ብልቃጥ ስትሪፕ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ለማኅበር ታድሏል!

«መርፌዋስ?» አለ ጋሽ ኑሬ። ፊቱ ተለውጧል። «በአንድ መርፌ ወጋችሁ?»

«አይ!» አለች የሻረግ ቀና ብላ። «እንዴት አድርጌ! መጀመሪያ እኔ ነኝ የለካሁ፣ ለየሰዉ መርፌ እየቀየርሁ። ኋላ እግሬ አብጦ መቆም ሲያቅተኝ ለዲያቆኑ አሳይቼው ጓዳ ገብቼ ተኛሁ። ሁሉንም ነግሬዋለሁ። እጅ አስታጥብ፣ መርፌ ቀይር፣ አፉ በሉኝ በል፣ ክዳኑን ቀጭ አድርግ።»

«አፉ በሉኝ በል አልሽው?»

«ታዲያ አንተ አይደለህ ያስተማርኸኝ?»

አያ ታከለ ሳቅ አመለጣቸው። «ቄሱማ ጣታቸውን ሰጥተው ‹እግዚአብሔር ይፍታህ› አሉት። ዲያቆኑ ግን ‹አይሆንም አባ፣ አፉ ብያለሁ ካላሉ አትቆጥርም› ብሎ ድርቅ አለ።»

«እና አሉ?»

«አሉ እንጂ! ምን ያድርጉ!»

ጋሽ ኑሬ ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቀነቀው። ቆጣሪዋ ከብብቱ ሸርተት ብላ ጭኑ ላይ ወደቀች። እንባውን በመሐረብ እየጠረገ መልሶ ወሸቃት። እኔም ንዴቴ ጠፋኝ።

የሻረግ እናት ሳቁ ሲሞቅላቸው ጊዜ «ኧረ የሱን አልነገርኋችሁ!» አሉ ወደ ባላቸው እያመለከቱ። «ዲያቆኑ ቁጥሩን እንደ ትምህርት ቤት ጮኾ ያነብ ነበር። ዘጠና፣ መቶ፣ መቶ ዐሥር። ቄሱ እንኳ መቶ አልሞሉም። የኛ ሰውዬ ከሁሉ በለጠ፣ አንደኛ ወጣ!»

አያ ታከለ እንደማፈር አሉ። «ሦስት መቶ ሰማንያ» አሉ። «ተጨበጨበልኝ፤ የአንደኛ ተብሎም አንድ ዋንጫ ጠላ ተጨመረልኝ።»

ጋሽ ኑሬ ሳቁን አቆመ። የሻረግ አባቷን አፍጥጣ ታያለች። ጓዳ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር፣ በኋላም የነገራት ስላልነበረ፣ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እኔም ያን ጊዜ ነው የሰፋው ኮትና ውኃው ትዝ ያሉኝ።

«አያ ታከለ» አለ ጋሽ ኑሬ፣ «ያን ቀን ማር ነክተህ ነበር?»

«ለቄሱ ማር የቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

«ከዚያ በኋላ እጅህን ታጠብህ?»

«ከሁሉ ጋር... መሰለኝ። ምነው?»

«ጣት ላይ ማር ካለ በላተኛው እሱንም ይበላል፣ ቁጥሩ ያለ ልክ ይወጣል። ማር ከሆነ ሸጋ ነው። ማር ካልሆነ ግን አንደኝነትህ ሸጋ አይደለም፤ ይህች ልጅ ያላት ሕመም አንተም ዘንድ አለ ማለት ነው። አሁን እንየው።»

አያ ታከለ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ከመደቡ ተነሥተው ቆሙ። ስለ ሕመሙ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጋሽ ኑሬ እጅ ላይ ያለችውን ብልቃጥ ብቻ አዩ።

«ሌላ አለህ?» አሉት።

«የለኝም።»

«እንግዲያ አይሆንም። የዚያን ቀን የልጄን ድርሻ ለእንግዳ አበላሁባት። ዛሬ ደግሞ እኔ ራሴ ልብላባት? በምጥ አፋፍ ላይ ናት። አንዲቷንም አልነካም።»

«አባየ፣ አንዲት እኮ ናት» አለች የሻረግ።

«ማኅበሩም በአንድ ሰው ነው የጀመረ።»

የሻረግ ሁለት እጆቿን ጋቢው ውስጥ ከተተች። «እንግዲያ እኔም አልለካ» አለች። እናቷ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ በነርስነቴ ልቆጣ አፌን ስከፍት ጋሽ ኑሬ በዓይኑ ከለከለኝ።

«ተይ ልጄ፤ አባትሽን በራስሽ አታስፈራሪው» አላት። ከዚያ ወደሳቸው ዞረ። ሲናገር እንደ ሱቅ ሰው፣ ለመደራደር ያህል ዘና ብሎ ነው።

«አያ ታከለ፣ ማኅበርተኛው ሲጠይቅህ ምነው አልደበቅሃት? የልጄ መድኃኒት ናት ብትል ማን ይቀየምህ ነበር?»

«ከእንግዳ ይደበቃል እንዴ፣ ኑሬ? ነውር አይደለም?»

«ለእንግዳ ያቀረብህለትንስ እምቢ ቢልህ?»

«እሱም ነውር ነው።»

«መልካም። ቆጣሪዋ የማን ናት?»

አያ ታከለ ልጃቸውን አዩ። «የሷ።»

«እንግዲያ በዚህች ነገር ባለቤቷ እሷ ናት፣ አንተ እንግዳ ነህ። የሻረግ፣ ለእንግዳሽ አቅርቢ።»

የሻረግ እጆቿን ከጋቢው አወጣች። በዚያ ከባድ ሆዷ ቀስ ብላ ተነሥታ ከምድጃው አጠገብ ለብ ያለ ውኃ ቀዳች፣ ማስታጠቢያውን ይዛ አባቷ ፊት ቆመች። ከምግብ በፊት እንግዳን እንደሚያስታጥቡት፣ ማንቆርቆሪያውን አዘንብላ ጠበቀች። አያ ታከለ እጄን አልሰጥም እንዳይሉ ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ወግ ያዛቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ እጃቸውንም ዘረጉ። ታጠቡ። እሷ በነጠላዋ ጫፍ አንድ በአንድ ጣታቸውን አደረቀችላቸው።

ጋሽ ኑሬ ቆጣሪዋን ከብብቱ አወጣት። ሞቃለች። «አፉ በለኝ፣ አያ ታከለ» አለ። ጋሽ ኑሬ ጠበቀ። ያን ቀን መጠበቁ አላቃጠለኝም። በመጨረሻ «አፉ ብያለሁ» አሉት፣ ጣታቸውንም ወጋ።

ማር አልነበረም። «ከአራት መቶ በላይ ነው» አለ ጋሽ ኑሬ። ቁጥር ማለዘብ አያውቅም፤ የሰው ቁጥር የራሱ ነው፣ አይደበቅም ይል ነበር።

«ከዚያ ቀን ይበልጣል?» አሉ አያ ታከለ።

«ይበልጣል።»

«አንደኝነቴን አልለቀቅሁም በላ» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ቀጥሎ የሻረግ ተለካች። የሷ ደግ ነበር። ብልቃጧን ከነቆጣሪዋ ለሷ ትተን፣ አያ ታከለን ይዘን በዚያው ቀን በሚኒባስ ወደ ጎንደር ወረድን። ጫማቸውን ሲያወልቁ ነው የግራ እግራቸው ጣት ቆስሎ ያየነው፤ ስላላመማቸው ለማንም አልተናገሩም። ሐኪሙ ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ እግራቸውን፣ ከዚያም ሌላውን እንደሚያጡ ነገራቸው። ኢንሱሊን ጀመሩ። የሻረግ በደኅና ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቱ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች። የሚካኤል ማኅበርም መከረና ወሰነ አሉ፤ ያቺ ዕቃ ማኅበርተኛው የማይካፈላት ነገር ትሁን ተባለ። ቄሱ ናቸው አሉ ውሳኔውን በግዝት ያሰሩት።

ከኮሶዬ ስንመለስ፣ አያ ታከለ ከፊት ወንበር እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ፣ ጋሽ ኑሬን «ለምን አልተቆጣሃቸውም?» አልሁት። እኔ ብሆን በዚያ ሁሉ ስትሪፕ አንድ ሰፈር አሳብድ ነበር።

«ምን ብዬ ልቆጣ?» አለኝ። «ደብቆ ቢያስቀምጣት ኖሮ እሱን ማን ያገኘው ነበር?» ትንሽ ቅርንፉዱን አላመጠና ደግሞ «ይህን ግን ለማንም እንዳትናገሪ» አለ። «ነገ ከተማው ሁሉ ለካኝ ይለኛል።»

ይኸው ተናገርሁ።

ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰኞ ሰኞ አልቀረም። ጫማውን ወልውሎ ይመጣል፣ ስለ በላተኛው ያስተምራል፣ እኔ ላይ «ክደኚ!» ብሎ ይጮኻል፣ ይሄዳል። ልቡን ያመው እንደነበር የሰማነው ከቤተሰቡ ነው፤ ስለ ሌላው ሰው ሕመም ሲያወራ ስለ ራሱ የሚያወራበት ጊዜ አልነበረውም። ቤቱ ለለቅሶ ስሄድ ወንድሞቹ ደጃፉ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም እሱን ይመስላሉ። ሳያቸው አለቀስሁ። እስከዚያ አላለቀስሁም ነበር።

አያ ታከለ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፣ ለተራ ቀጠሯቸው። ወሬው ኮሶዬ አልደረሰም። አንድ ፌስታል የባቄላ እሸት ይዘው በሩ ላይ ቆሙና «ኑሬ የታለ?» አሉኝ። በየመኸሩ ለሱ እሸት ማምጣት ልማዳቸው ነው። ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ ወንበር ሰጥቼ ነገርኋቸው። እንዲህ ያለውን ነገር የምነግርበት ዘዴ ከየት አባቴ ላምጣ? እንዲሁ ነገርኋቸው።

እሸቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡና ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። እኔ ሰው እያየሁ በመስኮት አያቸዋለሁ። ወረፋው ተሟጦ ሲያልቅ ተመልሰው ገቡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«የተቀበረበትን ታሳይኛለሽ» አሉኝ። «ግን መጀመሪያ ለኪኝ። ሳልለካ ሄጄ እሱ ፊት አልቆምም።»

እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ጣታቸውን በጎኑ ወጋሁት፣ ስትሪፗ ጠብታዋን ሳበች። ለዓመታት ስኳራቸውን አጥብቀው የያዙ ሰው ናቸው፤ ለሌላው ሁሉ ምሳሌ እናደርጋቸው ነበር። ያን ቀን ቁጥሩ ከወትሮው እጥፍ ሆኖ ወጣ።

«ስንት ነው?» አሉ። ዓይናቸው ትንንሽ ጽሕፈት አያይም። ነገርኋቸው።

«ከውኃ በቀር ምንም አልቀመስሁ» አሉ ግራ ገብቷቸው። «መርፌየንም አልረሳሁ። እጄንም ታጥቤያለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አያ ታከለ» አልኋቸው። «ሐዘን ነው። ሰው ክፉኛ ሲያዝን ስኳሩም ከፍ ይላል። አሁን ሐኪሙ ዘንድ ልውሰድዎትና የሚያወርደውን ይጨምርልዎት።»

ቆጣሪዋን ከእጄ ተቀበሉኝ። የማያነቡትን ቁጥር፣ ከመስተዋቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ፣ ሲመለከቱ ቆዩ።

«ዛሬን ተይው» አሉኝ። «ዛሬን ከፍ ብሎ ይዋል።»